የጉልበት ሎሚ ሕመም ምንድን ነው?

እኔን የጀመረኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በተከራየሁ ሰሞን ነው። ስወጣ ብዙም አይሰማኝም። ስወርድ ግን የብረቱን መደገፊያ ጨብጬ፣ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠርኩ ነበር። ጎረቤቶቼ ምርመራውን ቶሎ ጨረሱት። አንዷ "ብርድ ነው" አለች፣ ሌላው "ሪህ ነው" አለ። ራጅ ተነሳሁ፤ ምንም የለም።

ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ራጅ ላይ አይታይም። የሚሰማው ጉልበት ፊት ለፊት፣ በሎሚዋ ዙሪያ ወይም ከኋላዋ ነው። "የት ነው የሚያምህ?" ሲባል ብዙ ሰው በጣቱ አንድ ቦታ አይጠቁምም፤ መዳፉን ሎሚዋ ላይ ያሳርፋል።

እግራችሁን ዘርግታችሁ፣ ጭናችሁን አላልታችሁ ሎሚዋን በጣታችሁ ገፋ አድርጓት። ወዲያ ወዲህ ትላለች አይደል? ከላይ የጭን ጡንቻ በጅማት ይዟታል፣ ከታች ሌላ ጅማት ከቅልጥም አጥንት ጋር ያስራታል። ጉልበት ሲታጠፍ የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ትንሸራተታለች፤ በታጠፈ መጠንም ወደ ቦዩ አጥብቃ ትጫናለች። ደረጃ ላይ የሚያርፍባት ጫና ከሰውነታችን ክብደት በእጥፍ ይበልጣል። ቁጢጥ ስንል ደግሞ ይብሳል።

ለዚህ ነው ቁልቁለት የሚያስቸግረው። ረጅም መቀመጥም ያው ነው፤ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ከሜክሲኮ አየር ጤና ድረስ፣ ወይም የቡና በርጩማ ላይ ከአቦል እስከ በረካ። ስትነሱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ይነግሯችኋል።

ብዙ ጊዜ መነሻው ጉልበት ያልለመደው ሥራ በአንዴ ሲበዛበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ያልሰገደ ሰው ስቅለት ላይ መቶ ጊዜ ሲሰግድ፣ ሳይሮጥ የከረመ ሰው ለታላቁ ሩጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሲጀምር። የጭንና የዳሌ ጡንቻ ደከም ካለ ሎሚዋ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ሴቶችና ጎረምሶች ላይ ይበዛል። "አጥንትህ አልቋል" ማለት ግን አይደለም። ጉልበት ሲንቋቋም ሕመም ከሌለው ድምፁ ብቻውን አያሰጋም።

ታዲያ መተኛት ነው? በፍጹም። ሙሉ በሙሉ ስናርፍ ጡንቻው ይከሳል፣ ጉልበቱ ይበልጥ ይሰንፋል። የሚያሳምመውን ቀነስ አድርጎ ጡንቻውን ማጠንከር ነው የሚሻለው። ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችኝ ቀላል ነበር፦ ከወንበር ቀስ ብሎ መነሳትና መቀመጥ፣ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሳት። ትንሽ ቢያም ችግር የለውም፤ በማግስቱ ከባሰ ግን በዝቷል ማለት ነው። ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይመጣም። መርፌና ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ጉልበቱ ካበጠ፣ ከቀላና ትኩሳት ካለ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ከወደቃችሁ በኋላ መርገጥ ካቃታችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ልጅ ጉልበቴን ብሎ ካነከሰ ዳሌውም ይታይ፤ የዳሌ ችግር ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል።

እኔን ሦስት ወር ገደማ ፈጀብኝ። አሁን ደረጃውን መደገፊያ ሳልይዝ እወርዳለሁ። ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን የተሸከምኩ ቀን ብቻ ሎሚዋ ትንሽ ታጉረመርማለች።