ብርቅዬ ማለት ምን ማለት ነው?

ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የስልኬ ደወል አይደለም። አንድ ወፍ ነው። ዜማ እንዳይመስላችሁ፤ የለየለት ጩኸት ነው። መጠኑ ዶሮ ያህላል፣ መልኩ ጠቆር ይላል፣ ምንቃሩ ረጅምና እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። ጉሮሮው ሥር ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥላለች። ሣሩን እየወጋ ትል ሲለቅም ያረፍዳል። ጋጋኖ ይሉታል። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ሣር ያለው ግቢ የሚኖር ሰው ስሙን ባያውቅ እንኳ ድምፁን አይስተውም።

ይህ ወፍ ብርቅዬ ነው። ለጎረቤቴ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ይሄ ነው ብርቅዬ? እንቅልፍ የነሳን?»

አልፈርድባቸውም። ጥፋቱ የቃሉ ነው። «ብርቅ» ስንል በቀላሉ የማይገኝ፣ ከስንት አንዴ የሚታይ ነገር ማለታችን ነው። የሥነ ሕይወት ሰዎች ግን «ብርቅዬ» የሚሉት ኢንዴሚክ ለሚባለው ነው። በተፈጥሮው አንድ አገር ወይም አንድ አካባቢ ብቻ የሚገኝ፣ ሌላ ቦታ የሌለ ማለት ነው። ስለ ብዛቱ ምንም አይናገርም።

ጭላዳን እዩት። ጓሳ ወይም ስሜን ተራሮች ብትወጡ በመቶ የሚቆጠር መንጋ ሣር ሲነጭ ታገኛላችሁ። ብዙ ነው፣ ግን ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ ስለዚህ ብርቅዬ ነው። አንበሳ በተቃራኒው እኛ አገር ማየት ከባድ ሆኗል፣ ግን ሌላም አገር ስላለ ብርቅዬ አይባልም። ቀይ ቀበሮ ሁለቱንም ሆኖ አረፈው። የእኛ ብቻ ነው፣ የቀረውም 500 አካባቢ ነው።

እንዲህ የሆነው በከፍታችን የተነሳ ነው። በአፍሪካ ከ3000 ሜትር በላይ ካለው መሬት አብዛኛው እዚህ ነው። ዙሪያውን ሞቃት ቆላ ከቦታል፤ መሐሉን ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ሰንጥቆታል። ብርድ የለመደ ተክል ወይም እንስሳ በረሃውን ተሻግሮ የትም አይሄድም። ደጋው እንደ ደሴት ሆኖበት፣ እዚያው ሲኖር ሲኖር ከሩቅ ዘመዶቹ ይለያል። አገራችን ካሏት ወደ 6000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች ከአስሩ አንዱ ያህል ብርቅዬ የሆነው ለዚህ ነው። በከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚቆመው ጅብራም አንዱ ነው። ዓመታት ቆይቶ አንዴ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል።

ጓሮ ውስጥስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። ኮሶ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ግን ኬንያና ታንዛኒያ ተራሮች ላይም አለ። ቀጋም የመን ይበቅላል። ወይራማ እስከ እስያ ይዘልቃል። እነዚህ አገር በቀል ናቸው፣ ብርቅዬ ግን አይደሉም። እንሰት መሐል ላይ ነው። የዱር ዘመዱ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ አልምቶ ቆጮ የሚጋግርበት ግን የእኛ ሰው ነው። ብርብራ ግን በትክክል ብርቅዬ ነው። ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ለቡና ጥላ የሚሆነው፣ ፍሬውን ፈጭተው ውሃ ውስጥ በትነው ዓሣ የሚያደነዝዙበት ዛፍ።

ወፎቹ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጋጋኖም፣ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የሚሰፍረው አንገቱ ነጭ የሆነ ግራጫ እርግብም ኤርትራ ደጋ ላይ ይኖራሉ። ኤርትራ በ1985 ነጻ ስትወጣ «የኢትዮጵያ ብቻ» የሚለው ማዕረግ በአንድ ጊዜ «የኢትዮጵያና የኤርትራ» ሆነ። እነሱ ግን አንድ ክንፍ እንኳ አላንቀሳቀሱም።

ባለፈው ክረምት ብርብራ ልተክል ብዬ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ልጅ ጋ ሄድኩ። «ብርብራ? እሱማ ሞልቷል፣ ማን ይገዛዋል?» አለኝ። ከዚያ ከደቡብ አሜሪካ የመጣችውን ቡገንቪሊያ አነሳና፣ «ይልቅ ይቺን ውሰጂ እህቴ፣ ብርቅዬ ናት» አለኝ።

ገዛኋት። ታምራለቻ።