ሿሿ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፦ ስለ ቡድን ወንጀልና ትስስር ትንተና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ ወይም ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚኒባስ የሚመላለስ ሰው ሿሿን ያውቃል። ሾፌር፣ ረዳት፣ ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡ ሁለት። አንዱ «ጠጋ በልልኝ» ይላል፣ ሌላው በሩ አልዘጋም ብሎ ያዋክባል፤ ስልኩ ከኪስ ሲወጣ «ወደዚያ አንሄድም፣ ውረድ» ይባላል። ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ ለማወቅ ከሚረዱ ዘዴዎች አንዱ የማኅበራዊ ትስስር ትንተና ነው። ሰው በነጥብ ይወከላል፤ በአንድ ድርጊት አብረው የተገኙ ሁለት ሰዎች በመስመር ይያያዛሉ። ቀላል ስለሚመስል ብዙ ይባልበታል።

«ቡድን ካለ አለቃና ቋሚ አባላት አሉት።»

አብዛኛውን ጊዜ የለውም። አብረው ወንጀል የሚፈጽሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ ዛሬ አብረው የሠሩ ነገ ላይገናኙ ይችላሉ። «የእነ እከሌ ሰፈር ቡድን» ብሎ ስም አውጥቶ አባል መፈለግ ነገሩን ከጅራቱ መያዝ ነው።

«ብዙ ሰው የሚያውቀው ሰው ቁልፉ ነው።»

ሦስት የሿሿ ቡድኖችን እንውሰድ፤ በየቡድኑ አራት ሰው፣ ሁሉም እርስ በርስ የተያያዙ። ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው የተሰረቀውን ስልክ ለአንድ ተቀባይ ያስረክባል። መስመር ሲቆጠር አስረካቢዎቹ አራት አራት አላቸው፤ ተቀባዩ ግን እንደ ተራው አባል ሦስት ብቻ ነው ያለው። ሆኖም በተለያዩ ቡድኖች ያሉ 48 የሰው ጥንዶች የሚገናኙት በእሱ በኩል ብቻ ነው። የመስመር ብዛትና ድልድይነት ለየብቻ የሚሰሉት ለዚህ ነው።

ችግሩ ተቀባዩ ታክሲ ውስጥ አለመኖሩ ነው፤ እጅ ከፍንጅ የተያዙት መዝገብ ላይ ስሙ አይወጣም። እሱን ወደ ሥዕሉ የሚያመጣው የስልኩ ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ነው። ባለቤቱ ከካርቶኑ ላይ ያገኘዋል፤ በተያዘው ስልክ ላይ ደግሞ *#06# ሲነካ ይወጣል። አቤቱታው ሲጻፍ ቁጥሩ ካልሰፈረ ሱቅ ውስጥ የተገኘውን ስልክ ከስርቆቱ ጋር የሚያያይዝ ነገር አይኖርም።

«መረጃው ካለ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል።»

የሥራው ትልቁ ክፍል ሥዕሉ ሳይሆን ስሙን ማጥራት ነው። አንዱ ጣቢያ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብሎ ከመዘገበ አንድ ሰው ሦስት ነጥብ ይሆናል፤ ድልድዩም ይጠፋል። የተገላቢጦሹ የባሰ ነው፦ ስማቸውና የአባታቸው ስም የገጠመ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ሲቀላቀሉ ከየትም ያልመጣ «ድልድይ» ይፈጠራል፣ ምንም የማያውቅ ሰውም መሃል ላይ ይቀመጣል። መፍትሔው ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ፊደል አምጥቶ መፈለግ፣ የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ዓመትና ቅጽል ስም በየዓምዱ መጻፍ፣ ከስም ሌላ ቢያንስ ሁለት ነገር ካልገጠመ ደግሞ አለማዋሃድ ነው።

ቀጥሎ አፈሳው አለ። በአንድ ሌሊት 30 ሰው ታፍሶ በአንድ መዝገብ ቢገባ ኮምፒውተሩ 435 መስመር ይስላል። አብዛኞቹ ግን እዚያ መንገድ ላይ ከመገኘት ሌላ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። እንዲህ ያለ መዝገብ ከስሌቱ መውጣት አለበት። የቀረውም ቢሆን ፖሊስ የቆመበትን ቦታ ከሌላው አጉልቶ ያሳያል።

«ዋናውን ሰው ማሰር መረቡን ይበትነዋል።»

ተቀባዩ ሲታሰር ሦስቱ ቡድኖች ይነጣጠላሉ፤ ስልክ የሚገዛ ሌላ ሰው እስኪያገኙ ድረስ። በሞንትሪያል እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1996 ፖሊስ አንድን የአደንዛዥ ዕፅ መረብ ሲከታተል 11 ጊዜ ዕቃ ወረሰ እንጂ ሰው አላሰረም። የወንጀል ተመራማሪው ካርሎ ሞርሴሊ መረጃውን ሲተነትን መሃል የነበረው ሰው ቦታውን እያጣ፣ ዳር የነበሩት ወደ መሃል እየመጡ እንደነበር አሳየ። ከእርምጃ በኋላ ሥዕሉ እንደገና ካልተሳለ የሚያሳየው የትናንቱን ነው።

«ሥዕሉ ላይ ያለ ሰው ወንጀለኛ ነው።»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። በቺካጎ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 በጥይት ቆስለው ከተረፉት 70 በመቶው፣ ከከተማው ሕዝብ ከ6 በመቶ በታች በሆኑ አብረው በታሰሩ ሰዎች መረብ ውስጥ ነበሩ። ሥዕሉ ማን ሊጎዳ እንደሚችልም ይናገራል ማለት ነው። የዚያው ከተማ ፖሊስ ግን የሰዎችን ስም ዝርዝር አውጥቶ ሲሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ግምገማ ዝርዝሩ ግድያን እንዳልቀነሰና የተዘረዘሩት ይበልጥ ለእስር እንደተጋለጡ አሳየ። የለንደን ፖሊስ ተመሳሳይ ዝርዝርም በመረጃ ጥበቃ ጥሰት ተተችቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ቀርቷል። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው፤ መስመር የምርመራ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። አብሮ አደግነት፣ ጉርብትና፣ አንድ ጫት ቤት መቀመጥ መስመር ሊሆኑ አይገባም። የሚሰመረውም ቢሆን ቀን፣ የመዝገብ ቁጥርና ምንጭ ይጻፍበት።

«ውድ ሶፍትዌር ይጠይቃል።»

የኤክሴል ሠንጠረዥና በነጻ የሚገኘው የመረብ መሳያ ፕሮግራም ጌፊ ለአንድ ክፍለ ከተማ ይበቃሉ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጃኮብ ሞሬኖ ከ90 ዓመት በፊት፣ ኒውዮርክ ውስጥ ካለ የልጃገረዶች ማረሚያ ትምህርት ቤት ተከታትለው የኮበለሉትን ልጆች ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ የሳለው በወረቀት ላይ ነው።