«ወይ ባል ወይ ግንብ»

በላቲን «አውት ማሪቱስ፣ አውት ሙሩስ» ይላሉ። ሲሉት ቤት ይመታል፤ በጣሊያንና በስፔን ከአፍ አፍ የዞረውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሴት ልጅ ወይ ባል ታግባ፣ ወይ ገዳም ትግባ ማለት ነው። ግንቡ የገዳሙ አጥር ነው። የኛው «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ቢያንስ ማጀቱን ይተውላታል።

ላይ ላዩን ሲያዩት የሴትን ክብር ለመጠበቅ የተነገረ ምክር ይመስላል። ቬኒስ ሄደው ሲያዩት ግን የአባወራ ሒሳብ ነው። እዚያ ያኔ ጥሎሹን የሚያመጣው እንደኛ የወንዱ ወገን ሳይሆን የሙሽራዋ አባት ነበር። ዋጋው እየናረ ሲሄድ ሴኔቱ በ1505 እ.ኤ.አ. «ከ3,000 ዱካት (የወርቅ ሳንቲም) አይለፍ» ብሎ ደነገገ። ማን ሰምቶት! ገዳምም ያስከፍላል፤ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ። ስለዚህ መኳንንቱ አንዷን ይድራል፣ ሌሎቹን ቆብ ያስደፋል፣ ሀብቱም ሳይበታተን ለወንዶቹ ይቀራል። የከተማዋ ፓትርያርክ ጆቫኒ ቲየፖሎ ራሱ ከ2,000 የሚበልጡ የመኳንንት ሴቶች እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት በገዳማት ተቆልፎባቸው እንደሚኖሩ ጽፏል።

ሒሳቡን ከግንቡ ውስጥ ሆና ያጋለጠችው አርካንጀላ ታራቦቲ ናት። በ1604 ቬኒስ ውስጥ ተወለደች፤ የቤት ስሟ ኤሌና ካሳንድራ ነበር። የመጀመሪያ ሴት ልጅ ናት፣ እንደ አባቷም ታነክሳለች። ማን ጥሎሽ ያወጣላታል? ገና በልጅነቷ ሳንታና ገዳም አስገቧት፤ በ1620 ልብሰ ምንኩስና ለበሰች፤ በ1652 እዚያው ሞተች። ትምህርት ቤት አልሄደችም። በብረት ፍርግርግ በኩል ከምሁራን ጋር እያወራች፣ መጽሐፍ እየተዋሰች ራሷን አስተማረች።

«የገዳም ሲኦል» በተባለው ድርሰቷ የቃል ኪዳኑን ሥርዓት ትተርካለች። ልጅቷ በግንባሯ መሬት ላይ ትደፋለች። ጥቁር ጨርቅ ያለብሷታል። አንድ ሻማ በራስጌዋ፣ አንድ ሻማ በግርጌዋ። ከላይዋ ጸሎት ይዜማል፤ እሷም በሕይወት እያለች የራሷን ፍትሐት ታዳምጣለች።

የሚገርመው ምንኩስናን አለመጥላቷ ነው። በ1643 ያሳተመችው «የገዳም ገነት» ወደው የገቡትን ያሞግሳል። ጠቧ «እግዚአብሔር ጠራት» እያሉ ልጃቸውን ከሚገፉ አባቶችና ዝም ብሎ ከሚያያቸው መንግሥት ጋር ነው። በሕጉም ቢሆን እውነት ነበራት፦ በ1563 የተጠናቀቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ ሴትን አስገድዶ የሚያመነኩስን ሰው አውግዟል። ያው ጉባኤ የገዳማቱን በር ጥርቅም አድርጎ እንዲዘጋ አዟል እንጂ!

«የአባቶች ጭቆና» ብላ የጻፈችው ደግሞ በሕይወቷ ሳለች አልታተመም። በ1654 ርዕሱ ተለውጦ፣ በብዕር ስም፣ ሆላንድ ውስጥ በላይደን ወጣ። የካቶሊኳ ሮም ብዙም ሳትቆይ ከተከለከሉት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አስገባችው።