«የተዋጊ ጂን» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «የእነዚያ ሰዎች ጦረኝነት በጂናቸው ነው፤ ሳይንስ አረጋግጦታል» ብሎ ለጠፈ። ስንቱ ወደደለት መሰላችሁ! ኧረ ሳይንስ እንዲህ ያለ ነገር አላረጋገጠም።

ነገሩ ኤምኤኦኤ የሚባለው ጂን ነው። ሴሮቶኒንና ዶፓሚንን የመሳሰሉ የአንጎል ኬሚካሎችን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚሠራው በእሱ ትእዛዝ ነው። የሰፈር ፍሳሽ ቦይ በሉት። በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የዘረመል ተመራማሪው ሃን ብሩነርና ባልደረቦቹ ባጠኑት የኔዘርላንድ ቤተሰብ፣ አንዳንድ ጠበኛ ወንዶች ላይ ቦዩ ጭራሽ ተደፍኖ ነበር፤ ማለትም ጂኑ አይሠራም ነበር። ይህ እጅግ ብርቅ ነው። «የተዋጊ ጂን» የሚሉት ግን ጠበብ ያለውን ቦይ፣ ማለትም ኢንዛይሙን አሳንሶ የሚያሠራውን የጂኑን ዓይነት ነው። ዘራቸው ከአውሮፓ ከሆነ ወንዶች ሲሶ ያህሉ ይዘውት ይዞራሉ። ታዲያ ሲሶው ሁሉ ቡጢኛ ነው?

በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ የተወለዱ ልጆችን እስኪያድጉ የተከታተለ ጥናት አለ። በ2002 የወጣው ውጤቱ እንዳሳየው፣ የቦዩ መጥበብ ብቻውን ያመጣው ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም። ጎርፉ (ጠበኝነቱ) የመጣው ዶፍ ሲወርድበት ነው፤ ማለትም በልጅነታቸው ክፉኛ የተበደሉት ላይ። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ሁሉም ስለ ቦዩ ያወራል፣ ዝናቡን የሚያነሳ የለም። (ጂኑ ገና በማህፀን አንጎል ሲሠራ ጀምሮ ድርሻ ስላለው፣ ቦይ ማለቴም ሙሉ በሙሉ አያስኬድም። ወንድ አንድ ብቻ ባለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ ደግሞ ጥናቶቹ በአብዛኛው የወንዶች ናቸው። በአንድ ጂን ላይ ተንጠልጥለው ከተሠሩ የባህርይ ጥናቶችም ብዙዎቹ በትልቅ ናሙና ሲደገሙ አልጸኑም።)

በ2006 የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ይህ የጂኑ ዓይነት በማኦሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ወንዶች ላይ ይበዛል አሉ። ትኩረታቸው የሲጋራና የአልኮል ሱስ ነበር። ጋዜጦቹ ግን ወዲያው ከማኦሪዎች ወንጀል ጋር አገናኙት። የተመረመሩት ማኦሪዎች መቶ እንኳ አይሞሉም! ያው ዓይነት በቻይናውያን ላይ ከዚያም በላይ ይገኛል፤ እነሱን ግን «ተዋጊ ዘር» ያላቸው የለም። መሬቱን የተነጠቀ ሕዝብ ድህነትና እስር ሲበዛበት፣ «ደሙ ነው» ማለት ለመንግሥት ርካሽ መልስ ነው።

ፍርድ ቤትም ገብቷል። በ2009 የጣሊያኗ ትሪዬስተ ይግባኝ ሰሚ ችሎት፣ ይህንን ጂን ጨምሮ የዘረመል ምርመራ ውጤት አይቶ፣ ለአንድ ነፍሰ ገዳይ አንድ ዓመት ቀነሰለት። የቡድን አማካይ ስለ አንድ ሰው የዚያን ቀን ድርጊት ምን ይናገራል? ምንም። ደግሞስ ሌላ ዳኛ ያንኑ ወረቀት ይዞ «ተፈጥሮው አደገኛ ስለሆነ ይጨመርለት» ቢል፣ ምን ብለን ልንከራከር ነው?