ሽሩ አይጥ አይደለችም፦ ስለ ደጋ ደን ሽሩዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚታየው የሲዳማ ደጋና ከዚያ ባሻገር ያሉት የባሌ ተራሮች ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙ ሽሩዎች አሏቸው። ሽሩ አይጥ የምታክል ወይም ከዚያም የምታንስ፣ አፍንጫዋ ረዝሞ የሾለ፣ ነፍሳትና ትል እየለቀመች የምትኖር አጥቢ እንስሳ ናት። በሲዳማ ጋራምባ ተራራ ግርጌ የተገኘችውን ዝርያ ለሳይንስ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዊልፍሬድ ኦስጉድ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1936 ነበር። በባሌ ሐረና ደን የሚኖሩ ሌሎች ሁለት ዝርያዎችን ደግሞ ራይነር ሁተረርና ዴሪክ ያልደን እ.ኤ.አ. በ1990 አስተዋወቁ። እነዚህን እንስሳት የሚጎዳቸው አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከአይጥ ጋር ከመደባለቃቸው ነው።

«ትንሽ አይጥ ናት»

አይደለችም። ፍልፈል እንኳ ከሽሩ ይልቅ ለአይጥ ዘመድ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ የሞተች ካገኙ በባዶ እጅ ሳይነኩ በስንጥር እንጨት ከንፈሯን ገለጥ ያድርጉ። አይጥ ከላይም ከታችም ሁለት ሁለት ረጃጅም የፊት ጥርስ አላት፤ ከእነሱ ቀጥሎ እስከ መንጋጋ ድረስ ድዱ ባዶ ነው። የሽሩ ጥርስ ግን ክፍተት የለውም፤ የፊቶቹ እንደ መንጠቆ ቆልመም ያሉ፣ ከኋላቸው ያሉትም ሹል ሹል ናቸው። የእኛ ደኖች ሽሩዎች የሚመደቡበት ክሮሲዱራ የተባለው ወገን 28 ነጭ ጥርሶች አሉት። ቀጥሎ የፊት እግሯን ይቁጠሩ፦ ሽሩ አምስት ጣት አላት፣ አይጥ ግን በግልጽ የሚታዩት አራት ናቸው። ጅራቷን ወደ ብርሃን ቢያዞሩት ከአጭሩ ጸጉር መሃል አልፎ አልፎ ብቅ ያሉ ረጃጅም ጸጉሮች ይታያሉ።

«እህልና ቡና ታበላሻለች»

ጢንዚዛ፣ እጭ፣ ሸረሪትና የምድር ትል ለመጨፍለቅ የተሠራ ጥርስ እህል አይቆረጥምም። ጎተራ አጠገብ ከታየች የመጣችው እህሉን ተከትለው የመጡትን ነፍሳት ፍለጋ ነው። ሆኖም አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ ለአይጥ የተበተነው መርዝ እሷንም ያገኛታል። የመርዙን እህል ባትቀምስ እንኳ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣና ጢንዚዛ ይበሉታል፤ እሷም እነሱን ትበላለች። በተለይ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት የአይጥ መርዞች በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ፤ በሽሩዋ በኩልም ጉጉት ዘንድ ይደርሳሉ። የሚሻለው ጎተራውን ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በየእግሩ ላይ የተገለበጠ የቆርቆሮ ሾጣጣ ማሰር፣ ከጎተራው አጠገብም አይጥ ሊዘልበት የሚችል ቅርንጫፍ ወይም የተደገፈ እንጨት አለመተው ነው።

«ምራቋ ይመርዛል፣ ከነከሰች ትገድላለች»

መርዛማ ምራቅ ያላቸው ሽሩዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ይታወቃሉ። እነሱም ቢሆኑ መርዛቸው ለትልና ለትንንሽ እንስሳት እንጂ ሰው የሚገድል አይደለም። የነከሰዎት ማንኛውም የዱር አጥቢ እንስሳ ቢሆን ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ድመት ሽሩ ገድላ ሳትበላ የምትተዋት በመርዝ ምክንያት ሳይሆን ጎኗ ላይ ባሉት እጢዎች ሽታ የተነሳ ነው።

«ቅጠል ውስጥ የሚሳበው ቀጭን ነገር እባብ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። የክሮሲዱራ እናት ግልገሎቿን ስታዛውር አንዱ የእናቱን ጅራት ሥር፣ ሌላው የወንድሙን ነክሶ ይይዝና ተሰልፈው ይሄዳሉ። ከላይ ለሚያይ አንድ ረጅም ነገር የሚሳብ ይመስላል። ዱላ ከማንሳትዎ በፊት ጥቂት ይጠብቁ፤ ከተረበሸ ሰልፉ ሊበተንና ግልገሎቹ ከእናታቸው ሊለዩ ይችላሉ።

«ዛፍ እስካለ ድረስ ምንም አትሆንም»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ይህኛው ነው። ሽሩ የምትኖረው ዛፉ ላይ ሳይሆን ከዛፉ ሥር፣ በረገፈው ቅጠል፣ በበሰበሰው ግንድና በሥሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። የምትበላው ሁሉ ያለው እዚያው እርጥበት ውስጥ ነው። ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች፤ ስለዚህ ሌሊትም ቀንም ደጋግማ መብላት አለባት። የክሮሲዱራ ወገን ከቀዝቃዛ አገር ሽሩዎች አንጻር ረሃብን ትንሽ ይችላል፤ አንዳንዶቹም ሰውነታቸውን ለጥቂት ሰዓታት አቀዝቅዘው ጉልበት ይቆጥባሉ። ቢሆንም ባዶ መሬት ላይ ይህ አያዋጣትም።

ከላይ ጥላ ዛፉ ቆሞ ከታች ቁጥቋጦው የተመነጠረ፣ ቅጠሉ የተጠረገ፣ ከብት የረገጠው የቡና ደን ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ለሽሩ ግን ደርቋል። ባሕር ዛፍም እንደዚሁ ነው፦ ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አይበቅልም። ቡና ያለው ሰው መሬቱን በሙሉ ከሚመነጥር የእያንዳንዱን ቡና ዙሪያ ብቻ ቢያጸዳ፣ የወደቀውን ትልቅ ግንድ ለማገዶ ከመፍለጥ ባለበት ቢተወው፣ በወንዝ ዳርም ያልተነካ ቁጥቋጦ ቢያስቀር ለሽሩዋ መተላለፊያና መጠለያ ይተርፋታል። የቅጠሉ ብስባሽ እርጥበት ስለሚይዝ ቡናውም ይጠቀማል።

«የአይጥ ወጥመድ ካለ ማጥናት ይቻላል»

ወንዶ ገነትም ሆነ ሐረና ለጥናት የሚወጡ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ በባዶ እጅ የሚመለሱት በዚህ የተነሳ ነው። 10 ግራም የማትሞላ ሽሩ የአይጥ ሳጥን መርገጫ ላይ ብትቆም በሩ ላይዘጋ ይችላል። የሚሠራው የባልዲ ወጥመድ ነው፦ ባልዲዎቹን በመስመር፣ በ5 ሜትር ርቀት፣ አፋቸው ከመሬት ጋር እኩል እስኪሆን ይቅበሩ። ከንፈሩ ጣት ያህል እንኳ ከፍ ካለ ሽሩዋ ዞራ ታልፋለች። በመስመሩ ላይ የሚዘረጋው የፕላስቲክ አጥር የታችኛው ጠርዝ በአፈር መቀበር አለበት፣ አለበለዚያ ከሥሩ ትሾልካለች። ከባልዲው ሥር ለዝናብ ውሃ ቀዳዳ ይብሱ፤ ውስጡ አንድ እፍኝ ቅጠልና የተወሰኑ ትሎች ይጨምሩ። ሌሊቱንም ጨምሮ በየሁለት ሰዓቱ ይታይ፤ ጠዋት ብቻ የሚያይ ሰው በረሃብና በብርድ የሞቱትን ነው የሚያገኘው። ይህ ሁሉ የሚደረገው ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ተይዞ ነው። ወጥመዱን የሚያይ ሰው በማይኖርባቸው ሰዓታት ደግሞ ባልዲዎቹ በክዳን ይዘጉ፣ ጥናቱ ሲያልቅም ተነቅለው ጉድጓዱ ይደፈን።