የትልልቅ ፋብሪካዎች የኤሌክትሪክ ውል ድርድር

ለመኖሪያ ቤት መብራት ስናስገባ አንደራደርም። ታሪፉ የታወቀ ነው፤ ፈርመን ቆጣሪ እንቀበላለን። ሲሚንቶ፣ ብረት ወይም አሉሚኒየም የሚያመርት ፋብሪካ ግን የሚወስደው ኃይል በሜጋ ዋት የሚቆጠር ነው። በብዙ አገሮች ከኃይል ሻጩ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ይደራደራል። ውሉ 10፣ 20፣ አንዳንዴም 30 ዓመት ይቆያል። አንድ አንቀጽ ላይ መዘናጋት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕዳ ነው።

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው የኪሎ ዋት ሰዓቱን ዋጋ ነው። እርግጥ ነው፣ ዋጋው ቀላል ነገር አይደለም። 10 ሜጋ ዋት ሌት ተቀን የሚጠቀም ፋብሪካ በ30 ቀን 7.2 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ልዩነት ታዲያ በወር 72,000 ዶላር ይሆናል። ያም ሆኖ ጠቡ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዋጋው ሥር ከተጻፉት አንቀጾች ነው።

ዋነኛው «ተጠቀምክም አልተጠቀምክም ትከፍላለህ» የሚለው ነው። ሻጩ ለዚያ ደንበኛ ብሎ ኃይል ስለሚይዝ የፍጆታ ወለል ያስፈርማል። ከላይ ያነሳነው ፋብሪካ 80 በመቶ ብሎ ከፈረመ ወለሉ በወር 5.76 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ገበያ ቀዝቅዞ 4 ሚሊዮን ብቻ ቢጠቀም እንኳ ሂሳቡ በ5.76 ሚሊዮን ይታሰባል። ጎበዝ ተደራዳሪ እዚህ ላይ ሙጭጭ ይላል። ወለሉ በወር ሳይሆን በዓመት እንዲሰላ ይጠይቃል። ፋብሪካው ለጥገና የሚቆምበት ጊዜ ከወለሉ ስሌት እንዲቀነስለትም ይሟገታል።

ለከፍተኛው ጭነት የሚከፈለው ዲማንድ ቻርጅም አለ። በብዙ ቦታ ቆጣሪው የሚመዘግበው የ15 ደቂቃ አማካይ ጭነትን ነው። ትልልቅ ሞተሮች አንድ ላይ ተነስተው ያንን አማካይ ካሳደጉት የወሩ ሂሳብ ይንራል። መስመሩንና ሰብስቴሽኑን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያውን) ማን በገንዘቡ እንደሚሠራ፣ በኋላስ የማን ንብረት እንደሚሆን ተለይቶ መጻፍ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መብራት ሲጠፋ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ነው። አሉሚኒየም የሚቀልጥበት ምድጃ ለሰዓታት ኃይል ካጣ የቀለጠው ይረጋል። መልሶ ማስነሳቱ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ገዢው ካሳ ይፈልጋል። ሻጩ ደግሞ ከካሳ ነፃ የሚያወጣው «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ» የሚለው አንቀጽ ሰፋ እንዲል ይፈልጋል። ኃይሉ ከግድብ በሚመጣበት አገር ድርቅ በዚህ አንቀጽ ውስጥ ይካተት ወይስ አይካተት የሚለው ትልቅ ክርክር ነው።

በኛ አገር መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ ያስተላልፋል፣ በከፍተኛ መጠን ለሚወስዱ ደንበኞችም በቀጥታ ይሸጣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለቀረው ያከፋፍላል። የፋብሪካ ታሪፍ በመንግሥት ጸድቆ ስለሚወጣ ለዋጋ ክርክር ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ዳታ ማይኒንግ ኩባንያዎች (በኮምፒውተር ቢትኮይንን የመሰለ ዲጂታል ገንዘብ የሚያመነጩ) ሲመጡ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ውል መጣ።

አፍሪካ ውስጥ በዚህ ጉዳይ በደንብ መታወቅ ያለበት የጋና ታሪክ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1962 የንክሩማ መንግሥት ካይዘርና ሬይኖልድስ ከተባሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ጋር ተፈራረመ። ኩባንያዎቹ በወደብ ከተማዋ ቴማ ቫልኮ የተባለ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ይሠራሉ፤ ከአኮሶምቦ ግድብ ኃይል ይገዛሉ። ያለዚህ ደንበኛ ለግድቡ ብድር ማግኘት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ጋና እጇ ተጠምዝዞ ነበር ማለት ይቻላል። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 2.625 ሚል (አንድ ሚል የአሜሪካ ሳንቲም አንድ አሥረኛ ነው)፣ ማለትም ከአንድ ሳንቲም ሲሶ ያነሰ፣ ሆኖ ለ30 ዓመት ተወሰነ። በ1970ዎቹ የዓለም የኃይል ዋጋ ሲተኮስ ጋና ያገኘችው ጥቃቅን ጭማሪ ብቻ ነበር።

በኋላ ጋናን የመራው የጄሪ ሮሊንግስ መንግሥት ድርድሩን እንደገና ከፈተው። በመሃል ድርቅ መጣና የግድቡ ሐይቅ ጎደለ፤ ማቅለጫውም ቆመ። በ1985 አዲስ ስምምነት ተፈርሞ መነሻ ዋጋው ወደ 17 ሚል ከፍ አለ። በ2004 ደግሞ የጋና መንግሥት የካይዘርን 90 በመቶ ድርሻ ራሱ ገዛ።