ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም፦ ስለ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የድሬዳዋን ሜዳ ያለ እንከን ሲሮጥበት የዋለ ሞተር ሳይክል ደንገጎ ዳገት ላይ ጉዱ ይወጣል። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚያወጣው ያ ጠመዝማዛ መንገድ የደከመ ፍሪሲዮን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያሳልፈውንና በግራ እጅ እጀታ የሚቋረጠውን ክፍል፣ አይምርም። እኔም የእህቴን ልጅ አፈናጥጬ ወደ ሐረር ስወጣ አንድ ኩርባ ላይ ነዳጅ ብጨምር ሞተሩ ጮኸ፤ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በማግስቱ አንድ ጋራዥ ገባሁ። «ጋሼ፣ ሸራው አልቋል» ተባልኩ፤ የፍሪሲዮኑ ሳህኖች የሚለብሱት የሰበቃ ልባስ ማለት ነው፤ ከፈልኩ፤ ተቀየረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ያው ጩኸት ተመለሰ። ጥፋቱ እጀታውን ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘው የብረት ገመድ፣ ካቦው ላይ ነበር፤ እጀታውን በጣቱ ነካ አድርጎ ያየልኝ ሰው አልነበረም።

«ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ ካቦውን ማጥበቅ ነው።»

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በዚህ እምነት ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ፍሪሲዮን የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ሰበቃ ማለት ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። ሸራ የለበሱ ሳህኖችና ባዶ የብረት ሳህኖች እየተፈራረቁ ይደረደራሉ፤ ሞላዎቹ አንድ ላይ ይጫኗቸዋል፤ የሞተሩ ጉልበት በሰበቃቸው ወደ ካምቢዮ (ወደ ማርሽ ሳጥኑ) ያልፋል። እጀታውን ስንጨብጥ ካቦው የሞላውን ኃይል ረትቶ ሳህኖቹን ያላቅቃል። እንግዲህ ካቦው ከመጠን በላይ ከተወጠረ እጃችን ሳይነካው እንኳ ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተጨበጠ ይኖራል። ማጥበቅ መንሸራተቱን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ፍተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩን ያጥፉና የእጀታውን ጫፍ በአንድ ጣት ቀስ አድርገው ይሳቡ። በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ክብደት እስኪሰማዎት ድረስ ጫፉ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በባዶ መሄድ አለበት። ወዲያው ከከበደ ማስተካከያው ላይ ያለውን ዳዶ ፈትተው ካቦውን ያላሉት። መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረውም ይሞክሩ፤ ልዩነት ካለ ካቦው የሆነ ቦታ ተይዟል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋና አቧራ የገባበት፣ ክሩ የተበጣጠሰ ካቦ እጀታው ሲለቀቅ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ይህ ባዶ ጉዞ በራሱ ይጠብባል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ አስተካክሎ መርሳት አይቻልም።

«ዘይት ገብቶበት ነው።»

ይህ ከመኪና የተወረሰ አባባል ነው። የመኪና ፍሪሲዮን በአብዛኛው ደረቅ ስለሆነ ዘይት ያበላሸዋል። የአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮን ግን የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። መጠየቅ ያለበት ዘይቱ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ውድ የመኪና ዘይት ለሞተር ሳይክልም ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል አንዳንዱ የመኪና ዘይት ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም አለበት፤ ፍሪሲዮን ደግሞ የሚኖረው በሰበቃ ነው። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ኤምኤ2» (MA2) የሚል የጃፓን የዘይት ደረጃ ምልክት ይፈልጉ። «ኤምቢ» (MB) የሚለው የተዘጋጀው ፍሪሲዮናቸው ከሞተሩ ዘይት ለተለየ፣ ስኩተርን ለመሳሰሉ ሞተሮች ነው።

«ሞተሩ ጉልበት ከከዳው ፍሪሲዮኑ ነው።»

አይደለም። ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ወጥተው ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ፣ ፊትዎ ክፍት ሲሆን፣ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ በመካከለኛ ፍጥነት እየሄዱ ነዳጁን በአንዴ ይክፈቱ። ድምፁ ሽቅብ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ድምፁም ፍጥነቱም አብረው ከታፈኑ ካርቡራተሩን፣ ካንዴላውንና የአየር ማጣሪያውን ይመልከቱ።

«ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ይበቃል።»

ለጥቂት ቀን ሊይዝ ይችላል። የሳሳ ሸራ ግን ተፈግፍጎ አይወፍርም። ውፍረቱ በካሊፐር ይለካ፤ የብዙ ትናንሽ ሞተሮች አዲስ ሸራ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ ዝቅተኛው ልክ በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። ባዶዎቹን የብረት ሳህኖችም አይለፏቸው። የእኔ ሲፈታ ሁለቱ ወደ ሰማያዊ ቀለም ተለውጠው ነበር፤ ሙቀት የበላው ብረት መልኩ ይህ ነው። ሳህኑን መስታወት ላይ አስተኝተው ጠርዙን በጣት ሲጫኑት ከተንቀጠቀጠ ተጣሟል፤ መልሶ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

«ሞላ አያልቅም።»

ያልቃል። በሙቀትና በጭነት ብዛት ያጥራል፤ ያጠረ ሞላ ደግሞ አዲስ ሸራንም አጥብቆ አይዝም። ርዝመቱ ይለካ፤ ከልኩ ካነሰ ሁሉም አንድ ላይ ይቀየሩ። ቡሎኖቹ ሲጠብቁም በመስቀለኛ፣ ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ነው። በጉልበት የታሰረ ቀጭን ቡሎን ይበጠሳል ወይም የአልሙኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል።

«ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን በግማሽ መያዝ ሞተሩን ያግዛል።»

ሸራ የሚያቃጥለው ይኸው ነው። ማርሽ ይቀንሱ፤ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ ጣትዎንም እላዩ ላይ አያሳርፉ።

ሸራ መቀየሩ ግድ ከሆነ አዲሱ በደረቁ አይገጠም፤ ለሞተሩ በሚገባው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይደር። የእኔ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ሸራዎቹን በንጹሕ ሳፋ ዘይት ውስጥ አሳድረን ጠዋት ገጠምናቸው፤ ካቦውን ከለካን በኋላ።